እኔ 61፣ ልጄ 24፣ ዓይናችን ያረፈው ግን አንድ ዓይነት መኪና ላይ

አባ መንገድ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌም አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ጉዳይ ገጥሞኝ መጣሁ።

28 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ክራውን ቪክቶሪያ፣ ቀጥሎ ካምሪ፣ ቀጥሎ ፕሪየስ። ሁሉም የእንጀራ መኪኖች ናቸው፤ ለራሴ ብዬ የገዛሁት አንድም የለም። አሁን 61 ሞልቶኛል፣ የመጨረሻዋ ልጄም ዘንድሮ ኮሌጅ ጨረሰች። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወንዱ ልጄ ስልኩን አቀብሎኝ "አባዬ፣ ይቺን እያት" አለኝ። የ2006 መርሴዲስ ኤስኤልኬ 350 ናት። ጣሪያዋ ሸራ ሳይሆን ብረት ሆኖ ቁልፍ ሲጫኑት ታጥፎ ትራንክ (የኋላው ዕቃ መጫኛ) ውስጥ የሚገባ። ልጁ ያላወቀው፣ እኔም ስልኬ ውስጥ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ የ2005 ሌክሰስ ኤስሲ 430 ፎቶ ደብቄ ይዣለሁ። ያው ዓይነት ጣሪያ፣ ዋጋውም የሚቀራረብ።

በሙዚቃ አንስማማም፣ በፖለቲካ አንስማማም፣ ክትፎ እንኳ እኔ ጥሬ ስል እሱ ይብሰልልኝ ይላል። እዚህ ላይ ግን ሳንነጋገር ተገናኘን። ያላችሁ ሰዎች ንገሩኝ፣ የትኛው ይሻላል? ደግሞስ በዚህ ዕድሜ ጣሪያ ከፍቶ ሲነዱ ሰው ምን ይላል? ባለቤቴ ገና አልሰማችም።


ብሎን ፈቺ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። መካኒክ ነኝ፣ ሁለቱንም መኪና በእጄ ስለማውቃቸው ልናገር።

ሌክሰሱ ሞተሩ 4.3 ሊትር ቪ8 ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ አያስቸግርም። የሚጠይቀው አንድ ነገር የታይሚንግ ቺንጋው (ሞተሩ ውስጥ ያለው ቀበቶ) በ90,000 ማይል መቀየሩን ነው። ሻጩን ደረሰኝ ይጠይቁት። "ተቀይሯል" ብሎ ደረሰኝ የሌለው ሰው አልቀየረም ብለው ይቁጠሩት። ውኃ ፓምፑም አብሮ ይቀየራል። የኋላ ወንበር አለው ተብሎ ይጻፋል፣ እዚያ የሚቀመጠው ግን ዘንቢል ነው።

ልጅዎ ያያት የ2006 ኤስኤልኬ 350 ግን ታስፈራኛለች። የዚያ ዘመን ቪ6 ሞተሮች ውስጥ ባላንስ ሻፍት የሚባለው ዘንግ ላይ ያለው ጥርስ ቶሎ የሚበላባቸው አሉ። ቁራጯ ትንሽ ናት፣ ለመቀየር ግን ሞተሩ መውረድ አለበት። የጥገናው ሒሳብ የመኪናዋን ዋጋ ሊስተካከል ይችላል። ሁሉም ላይ አይደለም፤ በሞተር ቁጥሩ ይለያል። ቁጥሩን ሳያረጋግጥ እንዳይገዛ። የ2008 እና ከዚያ ወዲህ ከሆነች ግን እኔ ራሴ እገዛታለሁ።


ስድስተኛ ማርሽ (ፎልስ ቸርች)

ጋሼ፣ እኔ 25 ነኝ፣ የ2009 ኤስኤልኬ 300 አለኝ። የልጅዎ ነገር ገብቶኛል። ጓደኞቼ ያገለገለ ኮሮላ የገዙበትን ገንዘብ ከፍዬ ነው መርሴዲስ የምነዳው። አዎ፣ ቤንዚኗ ፕሪሚየም ነው፣ ኢንሹራንሷም ወደድ ይላል። ቢሆንም የካውንቲው የመኪና ግብር በመኪናዋ ዋጋ ስለሚሰላ፣ አሮጌ በመሆኗ እሱ ላይ ቀለለኝ።

እውነቱን ልንገርዎት? ትልቁ ጥቅሟ ሁለት ሰው ብቻ መያዟ ነው። ከገዛኋት ወዲህ ማንም "ደለስ ኤርፖርት ሄደህ እነ እከሌን ተቀበልልን" ብሎኝ አያውቅም። ስድስት ሻንጣ ይዘው ለሚመጡ አክስቶች እኔ የለሁበትም።


ቆጣቢው (ዴንቨር)

ሁላችሁም ያበዳችሁ ትመስላላችሁ። 20 ዓመት የሞላው የሀብታም መኪና ማለት የሀብታም የጥገና ሒሳብ ያለው የድሃ መኪና ማለት ነው። ኤስሲ 430 አዲስ ሆኖ በ2002 ሲሸጥ ወደ 58,000 ዶላር ነበር። ዛሬ ዋጋው ወርዷል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮ አልወረደም። በዚያ ላይ የብረት ጣሪያ ከሸራው ይከብዳል፤ ሲታጠፍም ትራንኩን ይበላዋል። ነፋስ ከፈለጋችሁ ማዝዳ ሚያታ በሸራ ግዙና ተገላገሉ። ጣሪያው ተበላሽቶ አልከፈት ሲል ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ወተቷንም አላይ።


የሌሊት ፈረቃ (አትላንታ)

ቆጣቢው፣ ሚያታ ውስጥ ልጆቼን የት ላስቀምጣቸው?

እኔ ነርስ ነኝ፣ 43 ዓመቴ ነው። መኪናዬ የ2010 ቮልቮ ሲ70 ናት፤ አራት ሰው በትክክል ትይዛለች። ስዊድን ኡዴቫላ በሚባል ከተማ ከጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ጋር የተሠራች ነች፤ ጣሪያዋ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይታጠፋል። ብረቱን የመረጥኩት ለውበት ብዬ አይደለም። ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ትቆማለች፣ ሸራ ቢሆን አንድ ሰው በቢላ ይቀደዋል ብዬ ስሰጋ አድር ነበር። ተዘግታ ስትታይ እንደ ማንኛውም መኪና ናት። ጠዋት 1 ሰዓት ከሥራ ስወጣ እከፍታታለሁ። 12 ሰዓት ሙሉ የመሣሪያ ጩኸት የሰማ ጆሮ የሚፈልገው ያንን ነው፤ ቤቴ እስክደርስ ያለው 20 ደቂቃ የእኔ ብቻ ነው። ፀጉር የምትሉ ሴቶች፣ ሻሽ አለ።

ችግሩ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት "ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል" እያለች የኖረች ሴት መሆኗን ታውቃላችሁ። ጣሪያው ሲከፈት ስታይ "ኧረ በማርያም! ተነቀለ!" ብላ በሁለት እጇ ክሩስኮቶውን ያዘች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ አንድ ሁለት ማይል ዝም ብላ ተጓዘች። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም "ዛፎቹ እንዲህ ይሸታሉ እንዴ?" አለችኝ። ልትመለስ አንድ ሳምንት ሲቀራት "ዛሬ ያቺን ክዳን ክፈቻት" ማለት ጀምራ ነበር።


ስድስተኛ ማርሽ (ፎልስ ቸርች)

ለእናትዎ የሚሆን ነገር አለ። የእኔዋ ኤርስካርፍ የሚባል አላት። ከወንበሩ ራስጌ በኩል ሞቅ ያለ አየር ማጅራት ላይ ይነፋል። መርሴዲስ በ2004 ኤስኤልኬ ላይ ነው የጀመረው። እናቴ "የመኪና ጋቢ" ብላ ስም አውጥታለታለች። ሁሉም ላይ የለም፣ ሲገዙ ወንበሩ ላይ ቀዳዳው መኖሩን ማየት ነው።


አባ መንገድ

ማጅራት ላይ ሞቅ ያለ አየር? ይሄንን ለባለቤቴ ሳልነግራት አላድርም።


ከፍራንክፈርት

እዚህ ጀርመን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሰሌዳ ለተወሰኑ ወራት ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ነድተህ ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ትዘጋባታለህ፤ ግብርና ኢንሹራንስም የምትከፍለው ለእነዚያ ወራት ነው። ብዙ ጡረተኞች ኤስኤልኬያቸውን የሚይዙት እንደዚህ ነው። ስለዚህ ምክሬ ከሽማግሌ ግዙ ነው። እኔ ከ74 ዓመት ሰውዬ ነው የገዛሁት። የተሞላውን ቤንዚን ሁሉ በደብተር መዝግቦ ሰጠኝ፣ ሊትሩን ከነቀኑ። ቁልፉን ሲያስረክበኝ ጉልበቱን እያሻሸ "ከውስጧ መውጣት አቃተኝ እንጂ አልሸጣትም ነበር" አለኝ።

ኤስኤልኬ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው በ1996 ነው። 30 ዓመት ስትሞላ እዚህ የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ ለማግኘት ትበቃለች። ገና ትናንት የወጣች የምትመስለኝ መኪና ቅርስ ሆና አረፈችው።


የጥርስ ሐኪሙ አድናቂ (ሲያትል)

ቅርስ ካነሣችሁ አይቀር፣ ይሄን የሚታጠፍ ጣሪያ ለሽያጭ በቀረበ መኪና ላይ ያዋለው ማን መሰላችሁ? ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም ነው። ዦርዥ ፖላን ይባላል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፣ በ1934 ፔዦ 401 ኤክሊፕስ በሚል ስም አውጥቶ ሸጠው። በኋላ ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ከአርበኞቹ ወገን ቆመ፤ በ1942 ረሸኑት። ስሙ በብዛት የማይነሣ ሰው በመሆኑ ሁሌም ያሳዝነኛል።

አሜሪካኖች ደግሞ በ1957 ፎርድ ስካይላይነርን አመጡ። በሰባት ሞተሮችና ከ180 ሜትር በላይ በሆነ ሽቦ ያን የሚያህል ጣሪያ አንሥቶ ትራንክ ውስጥ የሚከት። ሦስት ዓመት ተሠርቶ ቀረ። ከዚያ ለብዙ ዘመን የረሳው ሁሉ ኤስኤልኬን ሲያይ አዲስ ፈጠራ መሰለው።

አሁን ደግሞ እንደገና እየጠፋ ነው። የኤስኤልኬ ወራሽ ኤስኤልሲ በ2020 ቆመች፣ ቢኤምደብልዩ ዜድ4 ወደ ሸራ ተመለሰ፣ ትልቁ መርሴዲስ ኤስኤል ራሱ አሁን ሸራ ነው። ክብደት ነው ምክንያቱ፣ ደግሞም ሸራው ራሱ ድምፅ ማፈን ተማረ። አዲስ የብረት ጣሪያ የሚፈልግ ሰው የቀሩለት እነ ኮርቬትና ፌራሪ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ግማሽ ጣሪያዋ የምትከፈተው ሚያታ አርኤፍ ናቸው። ለዚህ ነው ወጣቱም ሽማግሌውም ያገለገለው ገበያ ላይ የሚጋፋው። ምርጫ የለማ።


ከቦሌ

ከዚህ ሆኜ ሳነባችሁ ሳቄ ነው የሚመጣው። እዚህ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ ስለዚህ ያላችሁን ይዛችሁ እዚያው ደስ ይበላችሁ። ቢኖረንስ? ጣሪያ ከፍተህ መብራት ላይ ስትቆም ሎተሪ አዟሪው፣ ማስቲካ ሻጩ፣ የኔ ቢጤው ሁሉም እንግዳህ ነው። ከፊትህ አይሱዙ ጥቁር ጭስ ይለቅብሃል። ለሠርግ ቀን ግን አልክድም፣ ሙሽሮች ቆመው እጅ ሲያውለበልቡ ያምራል።


ዱባይ ነኝ

ከግንቦት እስከ መስከረም እዚህ የሚከፍተው እብድ ብቻ ነው። ብረት ጣሪያ የወደድነው ተዘግቶ ኤሲው ስለሚይዝ ነው። ታኅሣሥ ሲመጣ እንነጋገራለን።


የፌርፋክሷ (ሎስ አንጀለስ)

ወንድሜ አባ መንገድ፣ ልጆቹ ስለ ሞተር ብዙ አወሩ፣ "ሰው ምን ይላል" ያልከውን ግን አንድም የመለሰልህ የለም። እኔ 67 ዓመቴ ነው፤ መኪናዬ የ2004 ኤስኤል 500 ናት። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ነው የገዛኋት። ስገዛት እኅቴ ለሦስት ወር አላናገረችኝም።

የብረት ጣሪያ ምስጢሩ ይሄ ነው፦ ፌርፋክስ ላይ ሐበሻ ሰፈር ሳልፍ ዘግቼ አልፋለሁ። ዝም ያለች፣ ጨዋ፣ ብርማ መኪና። ሰላምታ እሰጣለሁ፣ በርበሬ እገዛለሁ፣ ለቅሶ ካለ እደርሳለሁ። ሳንታ ሞኒካ አልፌ ባሕሩ ዳር ስደርስ በ16 ሰከንድ ትከፈታለች፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ሴትዮ ነኝ። ሸራ ብትሆን ኖሮ ተዘግታም "ይቺ የምትከፈተዋ ናት" ትባላለች። በይሉኝታ ላደገ ሰው ከዚህ የተሻለ መኪና አልተሠራም። ወጣቶቹ ለመታየት ነው የሚፈልጓት፤ እኛ ደግሞ ስንፈልግ ላለመታየት። አንዷ መኪና ለሁለታችንም ትሆናለች።

የጉልበት ነገር፣ መግባት መቀመጥ ነው፣ መውጣት ነው ሥራ። ጣሪያውን ከፍተህ ብትወጣ ይቀላል፤ ራስህን ማጎንበስ የለብህም፣ የመስታወቱን ጠርዝ ይዘህ ትነሣለህ።

ማስጠንቀቂያ ግን፦ ኤስኤል እንዳትገዛ። ሞላ የላትም እንዳትል እንጂ፣ አካሏን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው በዘይት ግፊት የሚሠራ ኤቢሲ የሚሉት ነገር ነው። አንድ ጠዋት ስወጣ በአንድ ጎኗ ተኝታ አገኘኋት። አንድ ጋራዥ "ሁሉም እግር ይቀየር" ብሎ የነገረኝን ገንዘብ እዚህ ብጽፈው ቆጣቢው ይታመማል። ሌላ መካኒክ ያፈሰሰውን አንዱን ብቻ ቀይሮ አስነሣት።


ቆጣቢው (ዴንቨር)

እትዬ፣ ሳይጽፉትም አሞኛል። የይሉኝታዋን ነገር ግን አላሰብኩባትም ነበር። እዚያ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ካዲላክ ኤክስኤልአር ብቻ እንዳትገዙ። ከኮርቬት ጋር በአንድ ፋብሪካ ቦውሊንግ ግሪን ተሠርታ በ2009 ነው ያበቃችው፤ የተሠራችው ጥቂት ስለሆነ የኋላ መብራቷ ቢሰበር ፍለጋው ራሱ ሥራ ነው። ጎረቤቴ ያውቀዋል።


ብሎን ፈቺ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እትዬ እንዳሉት ነው። እንግዲህ ጋሼ ሊገዙ ከሆነ ሲያዩ እንዲህ ያድርጉ።

ጣሪያውን አንዴ ከፍተው "ይሠራል" ብለው አይተዉት። ሦስት ጊዜ ይክፈቱ፣ ይዝጉ። አሮጌ የሃይድሮሊክ ፓምፕ አንዴ ይሠራና ሁለተኛው ላይ ይደክማል። በግማሽ ከቆመ፣ ወይም አንደኛው ጎን ከሌላው ቀድሞ ከሄደ፣ ይውጡ። ቀጥሎ የትራንኩን ምንጣፍ አንሥተው በእጅ ይዳብሱ። እርጥበት ካለ ወይ ጎሚኒው (ውኃ እንዳይገባ የሚከላከለው ላስቲክ) ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ወይ የውኃ መውረጃው ቱቦ በቅጠል ተደፍኗል። ብዙዎቹ ላይ ኮምፒዩተሮችና ፓምፖች እዚያው ታች ናቸው፤ ውኃ ሲያገኛቸው ጣሪያው ብቻ አይደለም የሚቆመው። ዘይት የሚሸት ከሆነ ደግሞ ጣሪያውን የሚያነሡት ሲሊንደሮች ያፈሳሉ። እነሱን አውርዶ ጎሚኒያቸውን ብቻ የሚቀይሩ ሰዎች አሉ፣ ከአዲስ በጣም ይረክሳል። ጎሚኒውን በዓመት ሁለቴ ለእሱ የተሠራውን ቅባት መቀባት ነው። ዘይትና ግራሶ እንዳይነካው።

አንድ ታሪክ ልጨምር። አንድ ደንበኛዬ የ2008 ቢኤምደብልዩ 328 ኮንቨርቲብል "ጣሪያው አይሠራም" ተብሎ በጣም ረክሶ ገዛ። ሻጩ ዓመት ሙሉ ዘግቶ ነድቷል። መኪናውን ወደ እኔ አመጣው፣ ትራንኩን ከፈትኩ፣ ውስጥ ያለውን መጋረጃ ስቤ ቦታው አስቀመጥኩት። ጣሪያው ተከፈተ። በእነዚህ መኪኖች ላይ ያ መጋረጃ ካልተዘረጋ ኮምፒዩተሩ "ዕቃ አለ፣ ጣሪያው ይጨፈልቀዋል" ብሎ አይፈቅድም። ደንበኛዬ እዚያው አቅፎ ሳመኝ። ምንም አላስከፈልኩትም፤ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።


አባ መንገድ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ሌክሰሱን ለማየት ወደ ሪችመንድ ሄደን ነበር። ሞተሩ ድምፅ የለውም፣ መልካም ነው። የቺንጋ ደረሰኝ ግን የለም፣ ትራንኩም ብሎን ፈቺ እንዳለው ስዳብሰው እርጥብ ነበር። ተውነው። ከዚያ ልጄ አንዲት የ2009 ኤስኤልኬ 300 ፍሬድሪክ አካባቢ አገኘ። ባለቤትየው 70 የዘለለ ጡረተኛ ነው፣ ልክ እንደ ፍራንክፈርቱ ሰውዬ። 71,000 ማይል። ብሎን ፈቺ ራሱ አብሮኝ መጥቶ አያት (ምስጋና ይድረሰው፣ ምሳ ነው የተቀበለኝ)። ሦስት ጊዜ ከፈትን፣ ሦስት ጊዜ ዘጋን። በየአንዳንዱ 22 ሰከንድ፣ ቆጥሬዋለሁ።

የወሰነችው ግን ባለቤቴ ናት። ወንበሩ ላይ ያለውን ቀዳዳ በጣቷ ዳስሳ "ማጅራት የሚያሞቀው ይሄ ነው?" አለች። ባለቤትየው አስነሥቶ አበራላት። ትንሽ ተቀምጣ "እሺ" አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ባለፈው ቅዳሜ ፍሮንት ሮያል ገብተን ስካይላይን ድራይቭን ወጣን። 105 ማይል የተራራ ጫፍ ለጫፍ መንገድ ነው፣ የሚፈቀደው 35 ማይል ብቻ። ለታክሲ ሾፌር 35 ማይል ቅጣት ነው፤ በዚያ ቀን ግን አልተሰማኝም። ዐለት ፈልፍለው በሠሩት ዋሻ ስናልፍ ባለቤቴ እልል አለች፣ ድምፁ ወደ ላይ ሲሄድ መስማት ፈልጋ። ከኋላችን የነበሩ ፈረንጆች ክላክስ ነፉ። ልጄ አልመጣም፤ ወንበሯ ሁለት ናት። ለእሱ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ተሰጥቶታል፣ እሁድ ጠዋት ሞልቶ ይመልሳል ተብሎ።

ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ዘግተን ነው፣ እትዬ እንዳሉት።


የፌርፋክሷ (ሎስ አንጀለስ)

እሰይ! ለመመለሻውስ ከየት ላይ ከፈትክ?


አባ መንገድ

ከፓርኪንጉ ወጥተን ሁለተኛው መብራት ላይ።


ስድስተኛ ማርሽ (ፎልስ ቸርች)

ጋሼ፣ ቀለሟ ምንድን ነው? ዓርብ ማታ ዩ ስትሪት ላይ አንድ ግራጫ አይቻለሁ፣ ውስጧ ልጅዎ ከሆነ ብቻውን አልነበረም።


አባ መንገድ

ግራጫ ናት። እናቱ ይሄን አታንብብ።

ይልቅ ብሎን ፈቺ፣ ድረስልኝ። ከሱቅ ተመልሰን ልከፍታት ብል ጣሪያው አልነቃነቅ አለኝ። ቁልፉን ስጫን ማስጠንቀቂያ ብቻ ይጽፋል። ፓምፑ ሄደ ማለት ነው? ቆጣቢው የፈራው ደረሰ?


ብሎን ፈቺ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ፣ ትራንኩን ይክፈቱ። መጋረጃው ተዘርግቷል?


አባ መንገድ

አልተዘረጋም። የባለቤቴ የእንጀራ ካርቶን አለበት።


ቆጣቢው (ዴንቨር)

ስንት እንጀራ ነው?


አባ መንገድ

ሠላሳ። ልጄን ፕሪየሱን ይዘህ ና ብዬዋለሁ።